ዘጌን በእግር፦ በጫካው መንገድ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከየት መጀመር ይሻላል?

መንገደኛው
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በጥር ወር መጨረሻ ስድስት ሆነን ባሕር ዳር እንሄዳለን። ዘጌን በጀልባ ደርሶ መመለስ ብቻ ሳይሆን ጫካውን በእግር አቋርጠን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት አስበናል። ከመካከላችን ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ፣ የ8 ዓመት ልጅም አለች። አፋፍ ከምትባለው የዘጌ ከተማ ተነሥተን ወደ ኡራ እንሂድ ወይስ በተቃራኒው? ስንት ሰዓት እንመድብ? አስጎብኚ ግድ ነው ወይ? ጫማስ ምን ዓይነት? «ደስ የሚል ቦታ ነው፣ ሂዱ» የሚለውን ሁሉም ነግሮኛል፤ እኔ የምፈልገው ዝርዝሩን ነው።

ጣና ዳር
አቀማመጡ ከገባህ ሌላው ቀላል ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሰርጎ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ ሁለት በር አለው። የየብሱ በር አፋፍ ነው፤ የዘጌ ከተማ የምትባለው እሷ ናት፣ ከባሕር ዳር በመኪና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የሐይቁ በር የኡራ ጀልባ መውረጃ ነው። ከመውረጃው አዝዋ ማርያም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ናት። ከዚያ ዳገቱን ይዘህ ኡራ ለመድረስ በተራ አካሄድ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ ልጅና ጉልበት የሚያማቸው እናት ካሉ ግን 40 ደቂቃ ያዝ። ብዙ ሰው «ዘጌን አየሁ» የሚለው ይህችን ቁራጭ ብቻ ሄዶ ነው። የጫካ መንገድ የሚባለው ግን ከኡራ እስከ አፋፍ ያለው ነው። ሳይቆም ለሚሄድ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እየቆመ ለሚሄድ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከፍታው አያስፈራም። ጣና ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዘጌ ጫፍ የሆነው አራራት ኮረብታ ከሐይቁ በላይ 200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ኡራ ለመድረስ ደግሞ ጫፉ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሰውን የሚያደክመው የዛፍ ሥርና ድንጋይ እየረገጡ መውጣት መውረዱ ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ደግሞ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ለእናታችሁ ከዘራ ያዙ።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ በጀልባ ሄዳችሁ በየብስ ብትመለሱ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ በትንሽ ነፋስ ቶሎ ይነሣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተከታታይ ስለሆነ ትንሽ ጀልባን እየመታ ያንገጫግጫል፣ ፊት የተቀመጠውንም ያበሰብሳል። ጧት ረጋ ብሎ ያያችሁት ሐይቅ ከቀትር በኋላ የብሱ ሞቆ ነፋሱ ሲመጣ ጠባዩ ይለወጣል። ከባሕር ዳር ከጧቱ 1 ሰዓት ብትነሡ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ መውረጃው ላይ ናችሁ።

የዋንዛ ጥላ
ከጣና ዳር ጋር በዚህ አልስማማም። ከአፋፍ መጀመር ይሻላል፣ በሁለት ምክንያት።

አንደኛ፣ ወደ አፋፍ የሚሄድ መኪና በብዛት የሚገኘው ጧት ነው። ከቀትር በኋላ ግን ከአፋፍ ወደ ባሕር ዳር የሚመለሰው እየሳሳ ይሄዳል፤ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጭን ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ማታ አፋፍ ላይ መቅረት ከማዕበል ያነሰ ችግር አይደለም። ሁለተኛ፣ ጫካውን በጧቱ ቅዝቃዜ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ወፉም ጦጣውም የሚታየው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላው ቢኖርም አየሩ ይታፈናል፣ ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ያልባል።

ጀልባውን ኡራ መውረጃ ላይ ለ6 ሰዓት ቅጠሩት፤ ነፋሱ ሳይበረታ ትመለሳላችሁ። የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባም ከባሕር ዳር ወደብ ጧት ወደ ዘጌ ይሄዳል። እሱን የሚመርጥ ካለ ዋዜማውን ወደቡ ድረስ ሄዶ የመነሻ ሰዓቱንና መመለሻ መኖሩን ያረጋግጥ።

ጣና ዳር
የመኪናው ነገር እውነት ነው፤ እኔም ኮንትራት ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ካልተያዘ በቀር በየብስ ተመለሱ አልልም። ሾፌሩ አፋፍ ላይ በተወሰነ ሰዓት እንዲጠብቃችሁ ከጧት ተስማሙ። ግን የመንገደኛውን ቡድን እናስብ፦ ጉልበት የሚያማቸው እናት ከአፋፍ ተነሥተው ጫካውን በሙሉ ካቋረጡ በኋላ ኡራ ሲደርሱ ደክመው ሥዕሉን የሚያዩበት አቅም አይተርፋቸውም። በኔ አቅጣጫ ከሆነ ግን እሳቸው ከአንድ ሰው ጋር አዝዋንና ኡራን አይተው በዚያው ጀልባ ከቀትር በፊት ይመለሳሉ፤ የቀራችሁት በጫካው ወደ አፋፍ ትወጣላችሁ። ሁሉም ጤነኛ ቢሆን የዋንዛ ጥላ ያለው መንገድ ይሻል ነበር።

ባለ ሞተር
ጀልባውን በተመለከተ አንዳንድ ነገር ልበል። «ዘጌ» ብላችሁ ብቻ ከተስማማችሁ ባለ ጀልባው የሚረዳው ኡራ መውረጃ አድርሶ፣ ጠብቆ መመለስን ነው። በእግር ሄዳችሁ በሌላ በኩል ልትወጡ ከሆነ አስቀድሞ ይወቅ፤ አለዚያ ሰው እየፈለገ ሲጠብቅ ይውላል፣ እናንተም ላልተጠቀማችሁበት ትከፍላላችሁ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ለሙሉ ጀልባ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይሁን። የምትወርዱባቸውን ቦታዎች በስም ጥሩ፦ አዝዋ፣ ኡራ፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ከፈለጋችሁ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ፤ ጉማሬ የሚታየው እዚያ አካባቢ ነው። እያንዳንዱ መጠምዘዣ ነዳጅ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚጨመር ቦታ ሁሌም ጭቅጭቅ ያመጣል። የመጠበቂያ ሰዓቱንም ወስኑ። የቤተ ክርስቲያን መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በጀልባው ዋጋ ውስጥ አይካተትም፤ «ሁሉም ውስጥ ነው» ካላችሁ ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ አስቆጥሩት። ግማሹን ሲነሣ፣ ግማሹን ሲመልሳችሁ ክፈሉ።

ላይፍ ጃኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ለስድስት ሰው ስድስት። ለልጅቷ በልኳ ይፈለግ። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ሲጠለቅ ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ይንሸራተትና ፊቷን ይሸፍነዋል፤ ትከሻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ ከአገጯ ካለፈ አይሆንም። መለዋወጫ ነዳጅ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ሰዓት ስትቀጣጠሩ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስረግጡ። ውጭ የኖረ ሰው መካከላችሁ ካለ «አራት ሰዓት» ሲባል ስልኩ ላይ 4 እስኪል ይጠብቃል።

ጥያቄ አለኝ
ጣልቃ ልግባና፣ ሴቶች የሚገቡት የትኞቹ ጋ ነው?

ቀለምና ብሩሽ
እህቴ፣ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም ሴቶች ይገባሉ። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ደሴቱን አትረግጥም፣ ጀልባ ውስጥ ትጠብቃለች። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችን ይቀበላል፤ ቡድኑ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ላይ ነው። ቀሚስና ነጠላ ያዢ። ለወንዶችም ቁምጣ አይሆንም። ውስጥ ስለመግባት ያለውን ሥርዓት፣ የወር አበባን ጨምሮ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ጀልባ ላይ ሳሉ በዘዴ ይንገር እንጂ በሩ ላይ አያሳፍራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሥዕሉን በአሥር ደቂቃ ዞሮት ሲወጣ ያናድዳል።

ኡራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ይሄዳል። መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው፤ ወደ ውስጡ የሚገቡት ካህናት ብቻ ናቸው። እናንተ የምታዩት የዚህን የመቅደስ ግድግዳ ውጭውን ነው፤ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነው እሱ ነው። ሥዕሉ በቀጥታ ጭቃው ላይ አልተሣለም። የጥጥ ጨርቅ ነው፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ በቅርብ ስታዩት ጠርዙና ስፌቱ ይታያል፤ እርጥበት የገባበት ቦታም ጨርቁ ተነፍቶ ከግድግዳው ይለቃል። እጅ አለመንካት ብቻ አይበቃም፤ በሻንጣና በጀርባ ቦርሳ ታክካችሁ አትለፉ፣ ቅድስቱ ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ቦርሳውን ደጅ ለአንድ ሰው ተዉት ወይም ፊት ለፊት አንጠልጥሉት።

ብርሃኑ የሚገባው በዙሪያው ባሉት በሮችና መስኮቶች ነው። ጧት የምሥራቁ ወገን ይታያል፣ ከሰዓት የምዕራቡ። አንዱን ወገን ስትጨርሱ የዚያን በኩል በር እንዲከፍቱላችሁ ካህኑን በትሕትና ጠይቁ፤ መጋረጃ ያለበትን ራሳቸው ይገልጡታል። የካሜራ ፍላሽ ጨርሶ አይበራም፣ ቀለም ያደክማል። ስልካችሁ ላይ «አውቶ» የሚለውን ፍላሽ ደጅ ሳላችሁ አጥፉት። በባትሪ ማየት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱና ደብዘዝ ያለ ብርሃን ከሩቅ በአግድም ያዙ።

ሥዕሉን ለማንበብ ጥቂት ቁልፎች አሉ። ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ልጅቷን «ክፉዎቹን ቁጠሪ» ብትሏት ሙሉ ግድግዳ ሳይሰለቻት ትዞራለች። በሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙት ሊቃነ መላእክት ናቸው። ከሥዕል ግርጌ ተደፍተው የሚታዩ ትንንሽ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ያሠሩት ናቸው። በአንበሶችና በነብሮች መካከል የቆሙት ጠጉራም አባት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ አንድ እግራቸው የተቆረጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በላዔ ሰብእን ፈልጉ፤ ሰው ሲበላ ኖሮ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሚዛኑ ያጋደለለት ሰው ነው። ታሪኩ ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር ስለተያያዘ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማየቱ ትርጉም አለው።

አጠገቡ ያለውን ዕቃ ቤት አትዝለሉ፤ የነገሥታት ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት አሉ። ግቢው ውስጥ የተሰቀሉትን የድንጋይ ደወሎችም እዩ፤ ያለ ፈቃድ ግን አትደውሉ፣ ሕዝብ የሚጠራበት ነው። ለኡራ ብቻ ከአንድ ሰዓት በታች አትመድቡ።

ጤና አዳም
ጤናን በተመለከተ ባጭሩ፦ ጣና ዳር ላይ ቢልሃርዝያ አለ፤ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን፣ ቄጠማና ደንገል ባለበት ረጋ ያለ ውኃ ውስጥ ስለሚኖር አደጋው እግር የምትነክሩበት ቦታ ላይ ነው። ከጀልባ ስትወርዱ እንኳ ውኃ ውስጥ አትዝለሉ፤ ልጅቷን አቅፋችሁ አውርዱ። የረጠበ እግር ቶሎ በፎጣ ይደረቅ። የሐይቁን ውኃ በጥሬው አትጠጡ። ለእያንዳንዱ ሰው 2 ሊትር የታሸገ ውኃ ከባሕር ዳር ያዙ። አካባቢው የወባ ነው፤ በጥር ከመስከረምና ከጥቅምት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ከመሸ በኋላ እጅጌ ረጅም ልብስና አጎበር አይለያችሁ። ቡድኑ ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ከመነሣቷ በፊት ሐኪም ታማክር።

የዋንዛ ጥላ
ስለ መንገዱና ስለ ጫማው ማንም አልመለሰም።

አፈሩ ቀይና ሸክላማ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ አለ። በክረምት ያንሸራትታል፤ በጥር ግን ደረቅ ነው፣ ችግሩ የደረቀ ቅጠል ሥሩንና ድንጋዩን መሸፈኑ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ይበቃል፣ ከባድ የተራራ ቡት አያስፈልግም። ደግሞም በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚወለቅ ረጅም ማሰሪያ ያለው ያማርራችኋል። ወፈር ያለ ካልሲ ያዙ፤ ቁንጫ ሊኖር ይችላል።

መንገዱ የሚጠፋው መገንጠያ ላይ ነው። ዘጌ ጫካ ብቻ ሳይሆን የሰው መኖሪያም ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከቡናው ሥር ነው፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚወስድ ቀጭን መንገድ አለ። ዋናው መንገድ ሰፋ ያለ፣ በብዙ እግር የተደለደለ ነው። እየጠበበ ሄዶ የድንጋይ ካብ ወይም አጥር ጋ ካደረሳችሁ የሰው ጓሮ ገብታችኋልና ተመለሱ። የስልክ ካርታ ላይ አትመኩ። ቅርንጫፉ ሲደፈን የሚያሳየው ቦታ ይዋልላል፣ ትንንሾቹ መንገዶችም ብዙዎቹ ካርታው ላይ የሉም። ስለዚህ ከኡራ እስከ አፋፍ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ። ከመውረጃው እስከ ኡራ ላለው ግን መንገዱ ግልጽ ስለሆነ ያለ እሱም ይደረሳል፤ ግራና ቀኝ ቅርጻ ቅርጽና ሥዕል የሚሸጡት ራሳቸው ይመሯችኋል። አስጎብኚውን ከማኅበራቸው፣ ደረሰኝ ካለው ያዙ፤ የት ድረስ እንደሚወስዳችሁ በስም ተነጋገሩ።

ጫካው ስለምን እንደተረፈ ይነግሯችኋል። በአካባቢው ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡን ሳያርስ፣ ከብት ሳያረባ፣ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር አዝዘውታል። ለዚህ ነው ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ ዘጌ ላይ ሞፈር የማታዩት። ቡናው ጥላ ስለሚፈልግ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብሳናው፣ ሾላው ይቆማል፤ ዛፉ ከተነሣ ቡናውም ይከስላል። ይሁን እንጂ ቅዱስ ነው ተብሎ ብቻ ተጠብቋል ማለት ማጋነን ነው፤ የማገዶ እንጨት ከዘጌ በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ይሸጣል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ቢገባም የማገዶው ፍላጎት አልቆመም። ቅርንጫፍ ለምርኩዝ አትቁረጡ፣ የቡና ፍሬ አትልቀሙ። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ካያችሁ ዙራችሁ እለፉ፣ የሰው የዓመት ገቢ ነው።

በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ አንዱን ካያችሁ ሌላውን አትለፉ። የመግቢያ ክፍያው በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ነውና ዝርዝር ብር ይኑራችሁ።

ጥያቄ አለኝ
ድሮን ይዘን ብንሄድስ? ከላይ ቢነሣ ያምራል።

ባለ ሞተር
ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነሣም። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ መያዝ ራሱ ኬላ ላይ ያስጠይቃል። ቤት ተዉት። ደግሞም የክልሉ ጸጥታ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ጀልባ መውጣት አለመውጣቱን በዋዜማው ማታ ከሆቴላችሁና ከወደቡ ጠይቁ፣ ጧትም ድገሙት። በየብስ የሚመለሰው ቡድን ከጨለማ በፊት ባሕር ዳር መግባት አለበት። መታወቂያ ሁሉም ይያዝ።

መንገደኛው
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተረድቻለሁ። የጣና ዳርን አካሄድ እንይዛለን፣ እናታችን በጀልባ ይመለሳሉ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ስንደርስ ቅዳሴ ላይ ብንገጥምስ? የትኛው ቀን ይመረጣል?

ቀለምና ብሩሽ
ቅዳሴ ሲኖር ለጉብኝት አይገባም፤ አስቀድሶ መቆም ይቻላል፣ ሥዕል እያዩ መዞር ግን አይቻልም። ጾም ባልሆነ ቀን ቅዳሴ ጧት ስለሆነ 3 ሰዓት ገደማ ላይ አብቅቶ ይጠብቃችኋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰንበት በቀር ባሉት ቀናት፣ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ጧት ገብቶ መውጣት ይሻላል።

በጥር መጨረሻ ጥር 21ን አስቡ፤ አስተርዮ ማርያም ናት፣ በማርያም አብያተ ክርስቲያናት ሕዝብ ይበዛል። ንግሥ ማየት ለሚፈልግ ያ ቀን ጥሩ ነው፣ ሥዕል ማየት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። ሁለተኛ፣ የነነዌ ጾም ከጥር 17 ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ነው። የዘንድሮውን ከባሕረ ሐሳብ ወይም ከግድግዳ ካላንደር አረጋግጡ። የኡራ ዓመታዊ ንግሥ የካቲት 16 ስለሆነ እናንተ አትደርሱበትም።

ቅዳሜና እሑድ ከከተማ የሚመጣው ይበዛል። ጥር 21 ወይም ሌላ በዓል እስካልገጠመው ድረስ ሐሙስን ያዙ፤ 3 ሰዓት ላይ ከአዝዋ ጀምሩ፣ 4 ሰዓት ኡራ ግቡ።

ባለ ሞተር
ለዚያ ከሆነ ጀልባው 2 ሰዓት ይነሣ፣ 1 ሰዓት ቸኩሎ ነው። እናትየውን 6 ሰዓት ሳይሞላ መውረጃው ላይ አድርሷቸው። ከኡራ ሲወርዱ ደረቅ ቅጠል ያለበትን ትተው መሐል መንገዱን ይያዙ።